የዘሩን ስም ጠይቁ

ወዳጆቼ፣ የጤፍ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘረ መል ፊደሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ተመራማሪ ሁሉ በኮምፒውተር የሚያየው ሆኗል። የተነበበው «ፀደይ» የተባለው የእኛው ዝርያ ነው። ደስ ይላል!

ባዮሎጂ ሳስተምር ግን ሁሌ እላለሁ፦ ፊደሉ ብቻውን አይናገርም። ይሄኛው ውሃ የተኛበትን መሬት ይችላል፣ ያኛው ዝናቡ ሳይወጣ ይደርሳል ብሎ የሚነግረን ያበቀለው ገበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ ለተቋቋመው የጂን ባንክም ዘር ሲሰበሰብ የተገኘበት ቦታ አብሮ ካልተመዘገበ ጥቅሙ ይጎድላል።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዙሪያ ዛሬ የምርጥ ዘር በቆሎ በዝቷል። ጎተራ ይሞላልና እሰየው። የድሮዎቹ ዘሮች ስም ግን ከሽማግሌዎቻችን ጋር አፈር እየገባ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁ። የሰማችሁትን የዘር ስም ከነጠባዩና ከነቀበሌው እዚህ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።