የአሰንዳቦው ፒክአፕ፦ ፍሬኑ ምን ዓይነት ነው?

አሰንዳቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ትልቁ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጅማ ሲመጡ ሰርቦ ከታለፈ በኋላ ትገኛለች። በቡና ለቀማ ወራት ከየገጠሩ የሚወጣ ጭነት ብዙው በዚያ ያልፋል።

እኛ የምናስተምረው በናዳ በኩል ባለ መንደር ነው። በኅዳር ወር አንድ ቀን ጠመኔና ወረቀት ለመግዛት ወደ አሰንዳቦ ወረድን። የተሳፈርነው በአንድ አሮጌ ፒክአፕ ነው። ከኋላው እሸት ቡና ተጭኗል። ባለ ቡናው ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ ሸምገል ያሉ አባት ናቸው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ስለዚህ አባት ቸኩለዋል።

ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማ። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ቀስ እያለ አወረደን። አሰንዳቦ ጎሚስታው ደጅ ሲደርስ አቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገ።

«ሸራው አልቋል» አለ ሾፌሩ። ረዳቱንም «ጅማ ሂድና የፒክአፕ ፍሬን ሸራ ገዝተህ ና» ብሎ ላከው። ጎማ ተፈትቶ አልታየም። ልጁም የትኛው እግር እንደሆነ አልጠየቀም።

ልጁ ሄዶ እስኪመለስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ጎማው ሲፈታ ግን ያመጣው ሸራ አልገጥም አለ። ለካ የገዛው የፊቱን ኖሯል። ያለቀው የኋላው ነው። ሌላ መኪና ቢፈለግም አልተገኘም።

ያን ጊዜ ሾፌሩ ጠርቶ አሳየን። እናንተም እንደ እኛ ተመልከቱ። የፍሬን ዓይነት ሁለት ነው።

አንደኛው የታምቡር ፍሬን ነው። ታምቡሩ እንደ ድስት ክብ የሆነ፣ የተዘጋ ብረት ነው። ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ብረቶች አሉ። በጀርባቸው ሸራ ተለጥፏል። ፍሬን ሲረገጥ ሁለቱ ወደ ውጭ ተገፍተው ታምቡሩን ከውስጥ ይይዙታል።

ሁለተኛው የዲስክ ፍሬን ነው። ዲስኩ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ነው፤ የሚፋተገው ፊቱ ያብረቀርቃል። ሁለት ጠፍጣፋ ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው ይይዙታል፤ አንጥረኛ ብረትን በጉጠት እንደሚይዝ ማለት ነው።

እንግዲህ ጎማ ሳይፈታ እንዴት ይለያል? በቸርኬው ቀዳዳ አሾልቆ ማየት ነው። የሚያብረቀርቅ ሳህንና የያዘው ጉጠት ከታየ ዲስክ ነው። የተዘጋ ክብ ብረት ከታየ ታምቡር ነው። ካልታየ ግን ታኮ አድርጎ ጎማውን መፍታት ይሻላል።

ቶዮታ ሃይሉክስ የሚባለው ፒክአፕ በ1960 ዓ.ም. መሠራት ሲጀምር፣ በዚያ ዘመን አራቱም እግራቸው ታምቡር የሆነ ፒክአፖች ብዙ ነበሩ። ኋላ የመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸው ዲስክ፣ ኋላቸው ታምቡር ነው። ምክንያት አለው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ የፊት እግር ብዙ ይሠራል፣ ይግላልም። ዲስክ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል። ታምቡር ግን ዝግ ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ተረግጦ ከተያዘ ይግልና መያዝ ይሳነዋል። ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ማርሽ ቀንሶ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ሾፌሩ ሁለት ነገር ደግሞ አስጠነቀቀን። በታምቡር ውስጥ ያለው አቧራ በአፍ እፍ አይባልም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ ክፉ የሆነ ነገር ስላለበት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የፍሬን ዘይት በሚቀዳበት ዕቃ ክዳን ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ። «ዶት 3» ከሆነ ፊደሉ የፈረንጅ ነው፣ ቁጥሩን ግን ሁላችንም እናነበዋለን። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት ማድረግ ጎማ ነክ ክፍሎቹን ያበላሻል፤ ፍሬንም ያሳጣል።

ከዚህ በኋላ ልጁ ዳግመኛ ሊላክ ሆነ። አባት ግን «ቆይ አንተ ልጅ» አሉት። ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። ከገዛነው ወረቀት አንድ ሰጠናቸው። ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እያንዳንዱን ፊደል በከንፈራቸው እያሉ፣ እንዲህ ጻፉ፦

የኋላ እግር። ታምቡር። ሸራ 4።

አራት ያሉት ለአንዱ እግር ሁለት፣ ለሁለቱ እግር አራት ስለሆነ ነው። ሾፌሩም የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ጨመረበት። ልጁ አሮጌውን ሸራም ለናሙና ያዘ።

ማታ ሲመለስ የያዘው ዕቃ ልክ ገጠመ። ቡናው ግን ጆንያ ውስጥ ግሎ መሽተት ጀምሮ ነበር። ማጠቢያ ጣቢያውም አልተቀበለውም። አባት ወስደው አልጋ ላይ አሰጡትና ጀንፈል አደረጉት። ዋጋው ከታጠበው አነሰ።

«ወረቀቷ ጧት ብትጻፍ ኖሮ!» አሉን።

እኛም አፈርን። ወረቀቱ ከእኛ ዘንድ ነበር፤ መጻፍም እንችል ነበር። አላሰብነውም።

እስቲ መልሱ፦
1. የታምቡርና የዲስክ ፍሬን በምን ይለያሉ?
2. ረዳቱ መጀመሪያ የተሳሳተው ለምንድን ነው?
3. ዕቃ ስታስገዙ በወረቀት ላይ ምን ምን ትጽፋላችሁ?