ነጂ፥ ሹፌር፥ መሪ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ድራይቨር» የተባለ አንድ ቃል አለ። በመካነ ኢየሱስ ይህን ቋንቋ ሳስተምር ተማሪዎቼ ቃሉን ባገኙበት ሁሉ «ሹፌር» ብለው ይተረጉሙታል። አንድ ቀን ለትምህርት ቤቱ አዲስ የማተሚያ መሣሪያ መጥቶ ከኮምፒዩተሩ ጋር ቢያያዝ አልሠራም አለ። በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንድ ብላቴና ጮክ ብሎ «ሹፌሩ አልተገኘም» ሲል ቢተረጉመው፥ ዘበኛው ከበሩ ሆነው «ሻይ ቤት ነው፤ ልጥራው?» አሉ።

እንግሊዞች ይህን አንድ ቃል ያላሸከሙት ነገር የለም። ከብት የሚነዳው፥ መኪና የሚያሽከረክረው፥ ሠረገላ የሚያስኬደው፥ መሣሪያን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፥ ሁሉም «ድራይቨር» ነው። በጎልፍ ጨዋታ ኳሷን አርቆ የሚሰደው ዱላ እንኳ በዚሁ ስም ይጠራል። በእኛ አገር ግን ዱላው የነጂው ነው እንጂ ራሱ ነጂ አይደለም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። በፈረስ ላይ ያለው ጋላቢ፥ በሬ ጠምዶ የሚውለው አራሽ፥ ታንኳ የሚያስኬደው ቀዛፊ ይባላል። ነጂ የሚባለው ግን አህያውን ወይም ከብቱን ከኋላ ሆኖ የሚያስኬደው ነው፤ በግእዝም «ነድአ» ይላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ሕዝቡ ይህንኑ የአህያ ነጂ ስም ለባለ ሞተሩ ሰጠው፤ «መንጃ ፈቃድ»ም ከዚሁ ወጣ። መኪና፥ ጎማና ፍሬን የኢጣልያ ቃላት ሲሆኑ ሹፌር የፈረንሳይ ነው፤ በአገሩ በመጀመሪያ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚያነድ ሰው ማለት ነበር። መንግሥት በሕጉ «አሽከርካሪ» ይለዋል፤ ይህን ስም በመንገድ ላይ ሲጠሩት ግን ብዙ አልሰማሁም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነጂው በእጁ የሚይዘው ክብ ነገር «መሪ» መባሉ ነው። መሪ ከፊት የሚሄድ ነው። ማኅሌቱን የሚመራውን ሊቅ መሪጌታ እንለዋለን፤ ነጂ ጌታ ያለው ግን የለም።

የሁለቱ ልዩነት በአገራችን በ1860 ዓ.ም. ታይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ፥ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዘው በዚያ ዓመት ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ መንገዱ ከፊት እየተጠረገ፥ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት በገመድ ተጎተተ። ንጉሡም ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የበጌምድር ሰው ከእጃቸው ብዙ ግፍ ተቀብሏልና ይህን አልሸፍንም፤ በዚያ ገደል ላይ ግን ነጂ ብቻ አልነበሩም።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ወደ ቤቴ መጥተው፥ «የኔታ፥ ልጄ ትምህርቱን ከ9ኛ ክፍል ትቶ ሹፌር ልሁን ይላል። እኔ ቄስ ወይም ሐኪም ይሆንልኛል ብዬ ነበር። እባክዎ ይምከሩልኝ» አሉኝ። ልጁ ዳዊት የደገመ፥ ንባቡ የቀና ነው።

አስጠራሁትና እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፥ አህያው ገደል ቢገባ ነጂው ከመንገዱ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። አውቶቡስ ገደል ቢገባ ግን ነጂው ስልሳ ነፍስ ይዞ አብሮ ይወርዳል። ስሙ የአህያ ነጂ ስም ነው፤ ሥራው ግን የመሪ ነው። በክረምት ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ ጉሙ ሲወርድ፥ ተሳፋሪው ‹ፍጠን› ቢልህ፥ ባለ መኪናው ‹አንድ ሰው ጨምር› ቢልህ፥ እንቢ የምትል አንተ ብቻ ነህ። ይህን የሚችል ልብ አለህን?»

ጥቂት ዝም አለና፥ «የኔታ፥ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የጃንደረባውን ሠረገላ ይነዳ የነበረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስሙ አልተጻፈም» አልሁት።

«ቁም ሲባል ግን አቁሟል» አለ።

12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ እንዲቆይ ተስማምተናል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ጋራዥ እየሄደ ፍሬን መፍታትና መግጠም ይለማመዳል። እናቲቱ ግን አሁንም ደስ ያላቸው አይመስሉም፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ስለ ሐኪምነት ደግመው አንሥተውብኛል።