ከእኛ በፊት የተቀመጠው፣ ከእኛ በኋላ የሚቀመጠው

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የደንብ ወረቀት ቆማችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁን? እኔ ለብዙ ጊዜ አላነበብሁትም ነበር። ያነበብሁት ሰው ከጎዳሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደ አስተማሪ ሳይሆን ዘግይቶ እንደተማረ ወንድም ነው።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ወደ ከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዘውትሬ እሄድ ነበር። ለተገልጋይ የተፈቀዱት ኮምፒዩተሮች ስድስት ብቻ ስለነበሩ፣ ተራ ጠባቂው በረንዳው ላይ ተሰልፎ ይውላል። መታወቂያችንን አስይዘን፣ ስማችንንና የገባንበትን ሰዓት መዝገብ ላይ አስፍረን ለእያንዳንዳችን ሠላሳ ደቂቃ ይሰጠናል። የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ስማችንን ይጠራሉ። ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ደንቡ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ተለጥፏል። ለእኛ ግን እንደ ግድግዳው ቀለም የሚታይ እንጂ የሚነበብ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ የሌላ ሰው ኢሜይል ተከፍቶ አገኘሁ። ከእኔ በፊት ተቀምጦ የነበረው የሰፈራችን ልጅ፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነ ወጣት ነው። ስሙ ሲጠራ ተጣድፎ ተነሥቶ ሄዷል። ገጹን መዝጋት የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። እኔ ግን አነበብሁት። ደብዳቤው በዐረብ ሀገር ቤት ሠራተኛ ከሆነችው እኅቱ የተላከ ነበር። ደመወዝ ካገኘች አምስት ወር እንዳለፋት፣ ፓስፖርቷም በአሠሪዋ እጅ እንደሆነ ትነግረዋለች። በመጨረሻም እናታቸው የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸውና ይህን እንዳይሰሙባት ትለምነዋለች።

ማንበቤ ሳያንስ ያን ዕለት ማታ ለአንድ ጓደኛዬ ነገርሁት። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ «ያሳዝናል» ብዬ ነበር የጀመርሁት። «ለማንም እንዳትነግር» ማለትንም አልረሳሁም። እርሱም ለእናቱ ነገራቸው፤ እናቱም በቡና ሰዓት ለጎረቤት አነሡት። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተጨማምሮበት «ልጅቷ ታስራለች» ተብሎ ከወላጅ እናቷ ጆሮ ደረሰ። እኒያ እናት ራሳቸውን ስተው ወደቁና ሐኪም ቤት ገቡ። ሰንብተው ተሻላቸው። ልጃቸው ግን ደብዳቤውን ማን እንዳነበበበት ሲያስብ ጥርጣሬው በኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ላይ ወደቀ። ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሄዶ በሰው ፊት ተናገራቸው። እኒያ አረጋዊ ባልሠሩት ጥፋት ሲወቀሱ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ ዝምም አልሁ።

ዝምታው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። በመጨረሻ ለንስሓ አባቴ ስነግራቸው ሰምተው ሲያበቁ «ይህን ለእኔ መንገርህ መልካም ነው፤ አሁን ደግሞ ለተበደሉት ንገራቸው» አሉኝ። ሁለቱን ሰዎች ከመጋፈጥ ይልቅ ሌላ ማንኛውንም ቀኖና በመረጥሁ ነበር። ሆኖም ሄድሁ። ወጣቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ሳልዘጋው መነሣቴ የእኔ ጥፋት ነው። ነገር ግን በሩ ክፍት ነው ማለት ግባ ማለት አይደለም» አለኝ። ከዚያም አብረን ወደ ኃላፊው ሄድንና ሁለታችንም ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸው አልተቆጡም፤ ግድግዳውን አሳይተው ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ የተጻፈው ሁሉ ስለ ሁለት ሰዎች ነው፤ ከእኛ በፊት ስለተቀመጠውና ከእኛ በኋላ ስለሚቀመጠው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስትቀመጡ ከእናንተ በፊት የነበረውን ሰው አስቡ። የእርሱ ኢሜይል፣ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ተከፍቶ ብታገኙት አታንብቡ፤ መውጫውን ተጭናችሁ ዝጉለት። የተረሳ ፍላሽ ወይም ወረቀት ካገኛችሁም ለክፍሉ ሠራተኛ አስረክቡ። በሀገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በወንጀል ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ሕግ ባይኖርስ? የሌላውን ምስጢር ያነበበ ዐይን ያነበበውን መመለስ አይችልም። የተናገረ አፍም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ ስትሠሩ መሣሪያው የሕዝብ መሆኑን አትርሱ። ብራውዘሩ «የይለፍ ቃልዎን ላስቀምጥ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ አትፍቀዱለት። ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የግል መስኮት መጠቀም መልካም ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ የጎበኛችኋቸው ገጾች ታሪክ ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ ይጠፋል። ነገር ግን ከሁሉ የሚሰውር መጋረጃ አይምሰላችሁ። ያወረዳችሁትን ፋይል አያጠፋም፤ የኔትወርኩ አስተዳዳሪም የትኞቹን ድረ ገጾች እንደጎበኛችሁ ሊያውቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ በኪቦርድ የተጻፈውን ሁሉ በስውር የሚመዘግቡ ፕሮግራሞችና በኪቦርዱ ገመድ መሰኪያ ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። ስለዚህ የባንክ ሒሳባችሁን በሕዝብ ኮምፒዩተር አትክፈቱ። ለኢሜይላችሁም በሁለት ደረጃ የሚደረገውን ማረጋገጫ አብሩ፤ የይለፍ ቃላችሁ ቢሰረቅ እንኳ ስልካችሁ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ሳይኖር ሌላ ሰው በቀላሉ አይገባም።

ሦስተኛ ስትነሡ ፈጽማችሁ ውጡ። ያ ወንድሜ ተጣድፎ እንደተነሣ ነግሬአችኋለሁ። መስኮቱን በቀዩ ምልክት ዘግቶት ቢሆን ኖሮም በቂ ላይሆን ይችል ነበር። ስትገቡ ድረ ገጹ ማንነታችሁን የሚያስታውስበት ኩኪ የተባለ ትንሽ ፋይል ብራውዘሩ ውስጥ ያስቀምጣል። «ውጣ» ወይም «ሎግ አውት» የሚለውን ሳትጫኑ መስኮቱን ብቻ ብትዘጉ፣ ቀጣዩ ሰው ያንኑ ገጽ ሲከፍት በእናንተ ስም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከአካውንታችሁ ውጡ፤ ቀጥሎ ያወረዳችሁትን ፋይል ከማውረጃው ፎልደርም ከቆሻሻ ቅርጫቱም አጥፉ፤ ፕሪንተሩ ላይ የቀረ የትምህርት ማስረጃ ወይም መታወቂያ እንዳለም ተመልከቱ። ሳትወጡ መሄዳችሁ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ትዝ ቢላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ በስልካችሁ ገብታችሁ የይለፍ ቃሉን ቀይሩና ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ውጡ።

አራተኛ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀውን አስቡ። ሰዓታችሁ ሲያልቅ ተነሡ። የኢንተርኔት መስመሩ አንድ ነው፤ ለሁሉ ይከፋፈላል። እናንተ ፊልም ስታወርዱ አጠገባችሁ ያለው የነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻውን መላክ ያቅተዋል። ፍላሽ ከመሰካታችሁ በፊት በጸረ ቫይረስ አስፈትሹት፤ የአንዱ ቫይረስ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተላለፈ የብዙ ተማሪ ጽሑፍ አበላሽቷል። የኮምፒዩተሩን ቅንብር ያለ ፈቃድ አትቀይሩ፤ ድምፅ ያለውን ነገር በማዳመጫ ስሙ። ስክሪኑን ከኋላችሁ የሚያልፍ ሕፃን ሊያየው እንደሚችልም አትዘንጉ። ለእርሱ የማይገባውን መመልከት ለእናንተስ ይገባ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ምናልባት «ዛሬ ስልክ በየእጃችን እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። በአዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆትን በመሳሰሉ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ በየክልሉ ከተሞች በሚገኙ ትንንሽ ንባብ ቤቶች፣ ኮምፒዩተር መግዛት ያልቻለ ተማሪ የተሻለ ነገን የሚፈልገው በእነዚህ የጋራ መሣሪያዎች ላይ ነው። ደግሞም ነገሩ ከቤተ መጻሕፍት አያልፍም አትበሉ። የጓደኛ ስልክ እጃችሁ ሲገባ፣ በቢሮ ወይም በኢንተርኔት ካፌ ስትቀመጡ የሚፈትናችሁ ያው ነገር ነው።

ያቺ እኅት ከሁለት ዓመት በኋላ በሰላም ወደ ቤቷ ተመለሰች። እናቷም በሕይወት ቆይተው ተቀበሏት። ሁላቸውም ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ግን ያን ደብዳቤ አንብቤ እንዳላነበብሁ መሆን እስከ ዛሬ አልቻልሁም። አሁንም በየትኛውም ቦታ የጋራ ኮምፒዩተር ፊት ስቀመጥ አስቀድሜ የምሠራው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ትቶት የሄደው ነገር ካለ ሳላነብ መዝጋት ነው። ስነሣም በሩ ላይ የቆመውን ሰው አያለሁ፤ ስሙን ባላውቀውም ወንድሜ ነውና ቦታውን አጽድቼለት እሄዳለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ይቆየን።