«ሞቷል በላት» አሉኝ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አየር ጤና ነው። ስሜን ለጊዜው ተዉት። የምጽፍላችሁ የፍቅር ጣጣ ገጥሞኝ አይደለም (እሱም አልጠፋም፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ)። የቸገረኝ ለአንዲት የገጠር እናት የማደርሰው መልእክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሃያ አራት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለወንጌል አገልግሎት ወደ ሐዲያ ገጠር ሄድን። እኔ ዘማሪ ነኝ። አሮጌ ልብስ፣ ደብተር፣ ብስኩት፣ ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነን ገና ሳይነጋ ከአየር ጤና አደባባይ ተነሳን። ዓለም ገናን አልፈን በቡታጅራ መስመር ታጠፍን። መልካ ቁንጥሬን፣ ከዚያም የጢያን ትክል ድንጋዮች በመስኮት እያየን፣ እየዘመርን፣ ግማሾቻችን እያስመለሰን፣ በቡታጅራና በወራቤ አድርገን ሆሳዕና ገባን። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቃ ነው። አውቶቡሱ አልሄድ ሲል ወርደን ገፋን። ድምፅ ማጉያውን በአህያ ጫንነው።

እንግዲህ እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የሄድኩት ወንጌል ያልደረሰው ሕዝብ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ምን አለፋችሁ፣ የዚያ አገር ሕፃናት መዝሙሩን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል! መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አገልጋያችን ታሪኩን አጫውተውን ነበር፣ እኔ እንቅልፍ ይዞኝ ነው እንጂ። ዶክተር ላምቢ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከጓደኞቻቸው ጋር በ1920 ዓ.ም. ወደ ጅማ እንሄዳለን ብለው ከአዲስ አበባ ተነሱ፤ ነገሩ ሳይሆንላቸው ቀርቶ ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና ሲዳማ ላይ ጣቢያ ከፈቱ። በ1929 ጣልያን ሚስዮናውያኑን አስወጣቸው። ያን ጊዜ ወላይታ ላይ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ሰዎች ሃምሳ ያህል ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ገደማ አማኝ ጠበቃቸው። ያስተማሩትም የአገሩ ገበሬዎች ናቸው። እና እኛ በጄኔሬተር ማንን ልናስተምር ነበር?

ያረፍኩት አንዲት እናት ቤት ነው፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር። ክረምቱ አልወጣም፣ እህል አልደረሰም። ሴትዮዋ ግን በየቀኑ ቆጮ በጎመን፣ አንድ ቀን ደግሞ አተካና በቅቤ አቀረቡልን። እኔም አልሳሳሁም፣ ሁለት ጊዜ አስደገምኩ። ማታ ወደ ውጪ ስወጣ ልጆቻቸው የእኛን ትራፊ ተሻምተው ሲበሉ አየሁ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ያመጣሁላቸው ስጦታ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ዚፑ የተበላሸ ጃኬት!

ልንመለስ ስንል እናቲቱ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ጠሩኝ። ከየት ሰፈር ነህ አሉኝ። አየር ጤና ስላቸው እጄን ያዙና፣ «ዘነበወርቅ ለቤትህ ቅርብ ነው ማለት ነው?» አሉ። ቅርብ ነው አልኳቸው። ታናሽ ወንድማቸው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በሥጋ ደዌ ታሞ ወደዚያ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል። በሕይወት አለ የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ሰምተዋል። «ፈልግልኝ ልጄ» አሉኝ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እፈልጋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ጉባኤው ላይ ምስክርነት ሰጠሁ፣ ተጨበጨበልኝም። ዘነበወርቅ ግን አልሄድኩም። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። ከአየር ጤና ዘነበወርቅ በታክሲ ስንት ደቂቃ ነው? ሰበቤ አላለቀም እንጂ መንገዱስ አልራቀም።

ስለ ሰፈሩ ትንሽ ልበላችሁ። ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ከተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። እሱን በ1926 አካባቢ ያሠሩት እነዚያው ዶክተር ላምቢና ጓደኞቻቸው ናቸው። በ1958 ደግሞ ለአፍሪካ ሁሉ የሚያገለግለው የሥልጠናና የተሐድሶ ማዕከል፣ አለርት የምንለው፣ እዚያው ተቋቋመ። ከየአገሩ የመጣው ታካሚ ሲድን ወደ ቀዬው መመለስ እያፈረ ዙሪያውን ጎጆ ቀልሶ ቀረ፣ ወለደ፣ ሰፈር ሆነ። አጠገቡ ቆሼ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የፈጀው ቆሼ። ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲመጣ፣ የሰፈራችን ስም አየር ጤና መሆኑ ያስቃል።

ኅዳር ላይ ህሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ሄድኩ። ጠይቄ ጠይቄ፣ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጉልት ቸርቻሪ ደጃፋቸው ድረስ ወሰደችኝ። ሰውየው ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ጣቶቻቸው አጥረዋል፣ ፊታቸው ግን ቁርጥ እህታቸውን ነው። ሰላም ልበላቸው እጄን ዘረጋሁ... ከዚያ እጄ መሐል ላይ ቀረ። አዎ፣ ሰበሰብኩት! እሳቸው አይተውኝ እንዳላዩ ሆኑና በትከሻቸው ሰላም አሉኝ። ለእህታቸው ጉልበት ተንበርክኬ የጸለይኩ ሰው እኮ ነኝ።

በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ በሽታው መድኃኒት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ መተላለፉን ያቆማል። ከ1970ዎቹ ወዲህ በሚሰጠው ጥምር መድኃኒት በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ጣት የሚያሳጣው የነርቭ መደንዘዝ ነው፤ እሳት ሲያቃጥል፣ እሾህ ሲወጋ ሰውየው አይሰማውም። ጋሼ ሐኪም ቤት የደረሱት እጃቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። ከዳኑ ግን ዘመን የለውም።

የእህታቸውን ስም ስጠራ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ አንደኛዋ ኮሌጅ ትማራለች። ስጨርስ ጋሼ፣ «ሞቷል በላት» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ለምን ስላቸው፣ «እኛ አገር ይህ በሽታ የዘር ነው ይባላል። እኔ አለሁ ከተባለ የእህቴን ሴት ልጆች ማን ያገባቸዋል? ስሄድም ለእነሱ ብዬ ነው የጠፋሁት» አሉ። በሽታው በጀርም የሚመጣ እንጂ በዘር የሚወረስ እንዳልሆነ ልነግራቸው አልኩ፤ እሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፣ ችግሩ አገሩ አለማወቁ ነው። ልጆቹ ተድረው ወልደዋል አልኳቸው። «የልጅ ልጆቹስ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ስወጣ ባለቤታቸው ጠርዙን የጠለፉትን ነጠላ በፌስታል ሰጡኝ። ለእህታቸው ስጣት፣ ከማን እንደሆነ ግን አትንገራት ተባልኩ። ስሰናበት እጄን ዘረጋሁ፣ ጋሼም ሰጡኝ። ሞቃት ነበር።

ለገና አውቶቡሱ እንደገና ይነሳል። እናቲቱ በር ላይ እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ። ሞቷል ብል ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ውሸቱም የእኔ ነው። አለ ብል አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ምስጢር በአንድ ቀን አወጣሁበት። አላገኘሁትም ብል ደግሞ፣ ነጠላው ከየት መጣ ሊሉኝ ነው? ነጠላው አሁንም ከአልጋዬ ራስጌ በፌስታሉ እንዳለ ነው። እባካችሁ፣ የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ምን ልበላቸው?