ወደ ራሞን ሲወርዱ መጥረቢያ ይያዛል ወይ?

ከቤር ሼባ ተነሥቶ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሚጽፔ ራሞን ከምትባለው ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ጫፍ ሲቆሙ ምድሩ በድንገት ያልቅና ከእግር ሥር ማኽቴሽ ራሞን ተዘርግቶ ይታያል። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 500 ሜትር ነው። ማኽቴሽ በዕብራይስጥ ሙቀጫ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት በመልኩ ነው። እሳተ ገሞራ ወይም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በረጅም ዘመን ምድሩን ሸርሽሮ ይህን ጉድጓድ ያወጣው ውኃ ነው። ዛሬ ግን እዚያ ውስጥ ለሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያልቅበት ውኃ ነው።

የስሜንን ገደሎች የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ልቡ ደስ ይለዋል። በከተማዋ ዳር በየግቢው እየገባ ሣር የሚግጠው የበረሃ ፍየል፣ በዕብራይስጥ ያዔል የሚባለው፣ የስሜን ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። ባለፈው የፔሳሕ በዓል ሰሞን እህቴን፣ ባሏንና ሦስት ልጆቻቸውን ይዤ የሄድኩት ይህንኑ ላሳያቸው ብዬ ነበር። ከጎንደር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ የሚኖሩትም በመርካዝ ክሊታ ነው። እኔ ቀደም ብዬ የመጣሁ በመሆኔ የመንገዱ አዋቂ ሆኜ ተሾምኩ።

በዋዜማው ማታ እህቴ ስምንት ባለ አንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስ ውኃ ሞላች። ለስድስት ሰው ይህ ያንስ ነበር፤ መንገዱ አጭር ነው ብዬ ዝም ማለቴ የእኔ ጥፋት ነው። ባሏ ደግሞ መጥረቢያውን አመጣ። ይህ መጥረቢያ እንዲሁ የተገዛ አይደለም። ብረቱን አባቱ በደምቢያ፣ በወናፍና በመዶሻ የቀጠቀጡት ነው። ሲመጣ ብረቱን ብቻ በሻንጣው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ ዛቢያውን እዚህ ከተገረዘ የወይራ ዛፍ አበጀለት።

«ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«አያ፣ በረሃ ነው የምንሄደው ብለኸናል እኮ። በረሃ ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?» አለኝ።

ምን ይመለሳል? እኔም ራሴ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ሱዳን ስንወርድ ከፊታችን የነበረው ሰው በትከሻው ላይ መጥረቢያ አንግቶ ነበር። ማታ ማታ እሾህ እየቆረጠ ሕፃናቱና ሴቶቹ በተኙበት ዙሪያ ያጥር ነበር፤ ጅብ እንዳይገባ። አንዲት እናት መራመድ ባቃታት ጊዜ ሁለት አጠና ቆርጦ ቃሬዛ ያበጀላት እሱ ነው። ስለዚህ መጥረቢያ ለመንገደኛ ምንም አይጠቅምም የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አላምነውም። እሺ፣ ያዘው አልኩት። መጥረቢያው ከቦርሳው ጎን አልገባ ሲል ሁለት ጠርሙስ ውኃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተወ። ያን ጊዜ አላየሁም።

በማግስቱ ከጧቱ በ1 ሰዓት አንድ የአውቶቡስ ጣቢያ በር ላይ ቦርሳችን ሲፈተሽ ጠባቂው መጥረቢያውን አገኘው። ልጅ እግር ነው፣ አልጮኸብንም፤ ግን ፖሊስ ጠራ። እዚህ ላይ አዲስ የመጡ ወገኖች ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። በእስራኤል ሕግ ስለት ያለው መሣሪያ ያለ በቂ ምክንያት ከቤትና ከግቢ ውጭ መያዝ ወንጀል ነው። ምላጩ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ከዚህ ውጭ ነው። በአገር ቤት ወንድ ልጅ ዱላና መጥረቢያ ይዞ ገበያ ቢወጣ የሚያየው የለም፤ እዚህ ግን ምክንያቱን ለማስረዳት የሚበቃ ዕብራይስጥ የሌለው ሰው ችግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፖሊሱ ሁኔታችንን ከጠየቀ በኋላ መልሳችሁ ቤት አስቀምጡት ብሎ ለቀቀን። በከተማው የሚኖር ዘመድ ቤት ወስደን እስክናስቀምጥና እስክንመለስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለፈን። እስከዚያም ከውኃው አንዱን ጠርሙስ ልጆቹ ጣቢያው ውስጥ ጨርሰውታል። በአማቼ ቦርሳ ውስጥ መጥረቢያው የነበረበት ቦታ ባዶውን ቀረ፤ ውኃ እንሙላበት ያለ ማንም አልነበረም።

ከሚጽፔ ራሞን ጫፍ ቁልቁል መውረድ የጀመርነው ከረፋዱ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ቀኑም ሻራቭ የሚባለው የበረሃ ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ሆነ። መንገዱ በደንብ ምልክት የተደረገበት ነው፤ በየድንጋዩ ላይ ሦስት መስመር ቀለም ይታያል፣ ሁለቱ ዳርና ዳር ነጭ፣ መካከለኛው የመንገዱ ቀለም። ከሰሜን ከኪቡጽ ዳን ጀምሮ እስከ ኤላት 1000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የእስራኤል መንገድ፣ ሽቪል እስራኤል፣ ምልክቱ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካንማ ነው። ምልክቱን ሳያዩ ብዙ ከሄዱ መጨረሻ ወዳዩት ቦታ መመለስ እንጂ ወደፊት መግፋት አይገባም።

የምንሄደው ሐሚንሳራ ወደሚባል ትንሽ ኮረብታ ነበር። ሐሚንሳራ ማለት የአናጢ ቤት ማለት ነው። ከድሮ ዘመን የቀለጠ አለት ሙቀት አሸዋማውን ድንጋይ አብስሎት፣ ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ ጠርብ የተከመረ መስሏል። አማቼ አንዱን ድንጋይ በእጁ እየዳሰሰ «ይህን የፈለጠው ማን ይሆን?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። በእርግጥ በዚያ የአናጢ ቤት ሙሉ ሊፈለጥ የሚገባ አንድ እንጨት የለም። በደረቁ ወንዞች ዳር አልፎ አልፎ የቆመው ግራር ነው። ግራር፣ በኦሪት ለማደሪያው ድንኳን የተመረጠው ሺጣ፣ በእስራኤል በሕግ የተጠበቀ ዛፍ ነው። በተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ እንኳ መልቀም ክልክል ነው። እሳት የሚነደውም በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ይህን ትእዛዝ እንደ መጨቆን የሚያዩት አሉ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በካርሜል ተራራ የተነሣው እሳት 44 ሰዎችን መግደሉን ማስታወስ ይበቃል።

ከሐሚንሳራ ሳንደርስ በፊት ነበር ትንሿ ልጅ ራሴን አመመኝ ማለት የጀመረችው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፊቷ ቀላ፤ የበላችውንም አስመለሳት። ጠርሙሶቹን ስንቆጥር አንድ ብቻ፣ እርሱም ከግማሽ በታች፣ ቀርቷል። እህቴ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። እርሱ ልጁን አቅፎ በአንድ ግራር ጥላ ሥር አስቀመጣት፣ ነጠላውንም አርጥበን ግንባሯ ላይ አደረግን። ከኋላችን የመጡ ተማሪዎች ሁለት ጠርሙስ ባይሰጡን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ከሐሚንሳራ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣ ቅርብ መንገድ ስላለ ልጅቷን በጀርባችን እየተቀባበልን አወጣናት። ማታ ድና ትስቅ ነበር።

ቤት ስንገባ መጥረቢያውን በሚዛን አስቀመጥኩት። አንድ ኪሎ ተኩል። ይህ የአንድ ጠርሙስ ውኃ ክብደት ነው።

ታዲያ ነገሩ በዚህ አላበቃም። የእህቴ ትልቁ ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ፣ በገበያ ማዕከል የመንገደኞች ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ቶማሃውክ የሚባል ጥቁር መጥረቢያ አይቶ «አጎቴ፣ ይኼ እኮ ቀላል ነው፤ ወታደሮች ይይዙታል» አለኝ። አብሬው ሄጄ ያዝኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሲይዙት እጅን ደስ ያሰኛል። ስሙ በቨርጂኒያ ከነበሩ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው። በጥንት ጊዜ ጫፉ ድንጋይ ነበር፤ ብረቱ የመጣው ከአውሮፓ ነጋዴዎች ጋር በተደረገ ንግድ ነው። ከበስተኋላው የትንባሆ ማጨሻ ያለበትም ይሠራ ነበር። በ1960ዎቹ ፒተር ላጋና የተባለ ሰው ለአሜሪካ ወታደሮች አዲስ ዓይነት ሠራ፤ ብዙዎቹም ወደ ቬትናም ይዘውት ሄዱ። የድሮው ዓይነት አንድ ብልሃት አለው። ዛቢያው እንደ ዶማ ከላይ ስለሚገባ በተወነጨፈ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይወልቅም። የመጥረቢያ ብረት ከዛቢያው ወልቆ ሰው ሊገድል እንደሚችል ኦሪትም ስለ መማጸኛ ከተሞች ሲናገር ይጠቅሰዋልና፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ቶማሃውክ መሐል ላይ የቀረ ዕቃ ነው። ጭንቅላቱ ቀላል ስለሆነ ወፍራም ግንድ አይፈልጥም፣ ዛቢያው ረጅም ስለሆነ ለጥቃቅን ሥራ አይመችም። በካናዳ ወይም በአላስካ ጫካ፣ ሰውን የሚገድለው ብርድ በሆነበት፣ ከውጭ የራሰውን እንጨት ፈልጦ ደረቁን ልብ ማውጣት ነፍስ ያድናል። እዚያም ቢሆን እኔ ብጠየቅ ከእርሱ ይልቅ ከበድ ያለ መጥረቢያ ወይም ታጣፊ መጋዝ እመርጣለሁ፤ መጋዝ ጉልበት አይጨርስም፣ ስቶም እግር አይቆርጥም። በኔጌቭና በይሁዳ በረሃ ግን የሚገድለው ሌላ ነው። ሙቀት፣ ገደል፣ ደራሽ ውኃ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 2018 ከሙት ባሕር አጠገብ በናሐል ጻፊት 10 ወጣቶች በደራሽ ጎርፍ አልቀዋል። ዝናቡ ሩቅ ሲዘንብ እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቀን ወደ ጠባብ ሸለቆ መግባት አይገባም። ለዚህ የሚሆን መጥረቢያ አልተሠራም።

ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት። በሙቀት ቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ካርታ፣ የተሞላ ስልክ፣ በግንባር የሚታሰር መብራት። ቡና የሚያምረን ከሆነ ጀበናው በትንሿ ጋዚያ ላይ ይፈላል፤ ፍሙ ይቀራል እንጂ። ከመነሣት በፊት የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለቤተ ዘመድ መናገር። ችግር ቢመጣ 100 ፖሊስ ነው፣ 101 ማጌን ዳቪድ አዶም። መንገዱንም ፀሐይ ሳትከር መጀመር፤ እኛ እነዚያን ሁለት ሰዓታት ባናጣ ኖሮ ሻራቩ ሳይበረታ በደረስን ነበር።

አማቼ መጥረቢያውን ከዘመድ ቤት ካመጣው በኋላ ወደ ሻንጣ አልመለሰውም። በሥራ ቦታው የወይራና የሎሚ ዛፍ ስለሚገረዝ አሠሪውን አስፈቅዶ እዚያ ይሠራበታል፤ ሠራተኞቹም የብረቱን ጥራት አይተው ከየት ገዛኸው ይሉታል። ለሱኮት በዓል ደግሞ ወደ ዔን ገዲ እንድንሄድ ጠይቆኛል። ውኃውን እኔ እቆጥራለሁ ብሏል።

ልጁ ግን ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ቶማሃውኩ ዋጋው ቀንሷል አለ። በግንባር የሚታሰረው መብራትስ ስንት ነው? ብዬ ጠየቅኩት፤ አይቼ እነግርሃለሁ አለኝ።