ገዳዩን ለሞርስ፣ መኪናውን ለእኔ

ዛሬ ማታም ተጣላን። «ኢንዴቨር» የሚባለው የእንግሊዝ የወንጀል ድራማ በድጋሚ እየታየ፣ ሴትዮዋ የባሏን መርዶ ሰምታ ልታለቅስ ስትል ሪሞቱን አንስቼ አቆምኩት። በመስኮቱ በኩል የምትታየውን መኪና ታርጋ ላነብ ነው። ባለቤቴ «አንተ ሰው ጤነኛ አይደለህም» ብላ ሻይዋን ይዛ መኝታ ቤት ገባች።

ምን ላድርግ? ገዳዩን መርማሪው ሞርስ ይፈልገዋል፣ ደሞዙን የሚበላው ለዚያ ነው። መኪናዎቹን የሚመረምርስ? እንግሊዞች ከ1963 ጀምሮ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትጨቀጭቁኝ) ታርጋው መጨረሻ ላይ የዓመት ፊደል ያደርጉ ነበር። «ሲ» የ1965፣ «ዲ» የ1966፣ «ኤፍ» ከኦገስት 1967 ወዲህ። ታሪኩ የ1965 ሆኖ «ኤፍ» ካየሁ፣ ቤቱ ውስጥ ካሉት ተጠርጣሪዎች ሁሉ የባሰች ውሸታም ደጅ ላይ ቆማለች ማለት ነው። ኋላዋ ላይ ያኔ ገና ያልነበረ ቢጫ ታርጋ ለጥፋ ከመጣችማ ምርመራም አያስፈልጋትም።

ድራማ ሠሪዎቹ ደግሞ ሲያምርባቸው ያምርባቸዋል። ወጣቱ ሞርስ የሚነዳው ጥቁር ጃጓር ማርክ 1 ነው፤ ሲያረጅ በተዋናዩ ጆን ቶው ዘመን የምናውቀው ወይን ጠጅ ማርክ 2 ይመጣል። ታርጋ 248 አር ፒ ኤ፣ እንቅልፌ ውስጥም አልስተውም። ልብ ወለዱ ላይ እኮ ሞርስ መጀመሪያ የሚነዳው ላንቺያ ነበር! ጃጓሩ በቴሌቪዥን ገንኖ ሲወጣ ደራሲው ኮሊን ዴክስተር በኋለኞቹ እትሞች ላንቺያውን ሰርዞ ጃጓር አስገባ። መኪና መጽሐፍ ሲያርም አያችሁ?

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። መንገዱ ሁሉ ያብረቀርቃል። ሁሉም መኪና ቅዳሜ ጠዋት ሰርግ የሚሄድ ይመስላል። በ1960ዎቹ ብዙውን ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ የነበረችው ኦስቲን ወይም ሞሪስ 1100 ነበረች። እዚያው ሞርስ ያለበት ኦክስፎርድ፣ ኮውሊ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የፖስተኛው መኪና። አሁን ፈልጓት። ዝገት በላት፣ የቀረውን ቁራሌ ወሰደው። ጃጓሩን ግን ሰው ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሶ አቆየው። ድራማ ሠሪዎቹ ደግሞ የሚከራዩት የተረፈውን ነው። ስለዚህ የምናየው የድሮው መንገድ አይደለም፣ ለማቆየት አቅም የነበረው ሰው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ መኪናዬ ዛፊራ ትዝ አለችኝ፤ ደሜ ፈላ።

የለንደን ልጆች ታውቋታላችሁ። ሰባት ሰው የምትጭን፣ ናፍጣ፣ ከሂትሮው ያላመጣችው ዘመድ የለም። ግማሻችሁን በሰርጋችሁ ሚዜ ሆና ያጀበች፣ ለጥምቀት ከበሮና አሮጊቶች አንድ ላይ የጫነች ናት። ከዚያ ዩሌዝ የሚሉት የጭስ ክፍያ እኛም ሰፈር ደረሰ፣ ኦገስት 2023። ከቤቴ በር ንቅንቅ ባልኩ ቁጥር በቀን 12 ፓውንድ ከ50። ለምን? ጭስሽ በዛ ተባለች። እሺ፣ አየሩ ለልጆቻችን ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ይኸው በ1962 የተሠራ ጃጓር በሰፈራችን እየተንኳኳና እየጨሰ ያልፋል፤ አምስት ሳንቲም አይከፍልም! ከ40 ዓመት በላይ የሆነና በታሪካዊነት የተመዘገበ ነጻ ነው። የመንገድ ግብርም የለበትም። የእኔዋ ጥፋቷ በቂ አለማርጀቷ ነው። 40 እስኪሞላት ላስቀምጣት እንዳልል፣ የት? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ጋራዤ መኝታ ቤቱ ነው እንዴ? መኪናዋ ከእጄ ስትወጣ ባለቤቴ ወንበሯ ላይ የተረሳ የሕፃን ካልሲ አግኝታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ።

እና ይኸው፣ በ2065 አንድ ሰው የ2023ን ለንደን የሚያሳይ የግድያ ድራማ ይሠራል። መንገዱ ላይ ፖርሽና ቤንትሌይ ብቻ ይደረደራል፣ ልጆቻችንም «አቤት፣ አባቶቻችን እንዴት ያለ ዘመን ኖረዋል» ይላሉ። በዚያ ዘመን ሌሊቱን ሙሉ ይሄን ከተማ ያመላለሰው ግን የሐበሻ ፕሪየስ ነበር! ፕሪየስ ያላችሁ፣ እባካችሁ አንዷን እንኳን ደብቋት። ታርጋዋን እንዳትቀይሩ።