«ላንጋኖ» ብቻውን አድራሻ አይሆንም!

እናንተዬ! ድንኳን ጠቅልላችሁ፣ ሥጋና ከሰል ጭናችሁ ቅዳሜና እሁድን ላንጋኖ ልታሳልፉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መኪናውን ከማስነሳታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። መንገዱን የምነግራችሁ ጎበዝ መንገድ መሪ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በእኔ ጦስ ሰው ስለተጎዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ወዳጃችንን ልደት ሐይቁ ዳር በድንኳን ለማክበር ተነሳን። ሃያ ምናምን ሰው ተጠራ። መንገዱን ጽፎ የማደሉ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። እኔም በብጣሽ ወረቀት «ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ከዚያ በስተግራ ላንጋኖ» ብዬ ጻፍኩና አባዝቼ በተንኩት። አለቀ! ድንኳኑ የሚተከለው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ መሆኑን መጻፍ ትዝም አላለኝ። ለምን ቢባል፣ እኔ አውቀዋለኋ!

ከተጋባዦቹ መሀል ሁለት እጮኛሞች ነበሩ። ልጁ ከሥራ ወጥቶ፣ እሷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከአዲስ አበባ ሲነሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ዝዋይን ሲያልፉ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። በስተግራ «ላንጋኖ» የሚል የመጀመሪያ ሰሌዳ ሲያዩ ደስ ብሏቸው ታጠፉ። የደረሱት ምዕራቡ ዳር ካለ አንድ ሆቴል በር ላይ ነው። ዘበኛው ወረቀቷን በባትሪ ብርሃን አገላብጦ አየና፣ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ድንኳን የተከለ የለም። ከማዶ ይሆናል» ብሎ በጣቱ ሐይቁን አሻግሮ አሳያቸው። ሌሊቱን እዚያው እንዲያድሩም ለምኗቸዋል፤ ግን ኬኩ የተጫነው እነሱ መኪና ላይ ነበር፤ «እንዴት እንቀራለን?» አሉ።

ወደ አስፋልቱ ተመልሰው ብዙም ሳይሄዱ ነው ጋሪው ድንገት ፊታቸው ድቅን ያለው። በጀሪካን ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ ነው። መብራት የለው፣ የሚያንጸባርቅ ነገር የለው። ልጁ መሪውን ቢጠመዝዝም አህያዋን ገጭቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ጋሪውን የሚነዳው ልጅ ዘሎ ዳነ። የአህያዋ እግር ተሰበረ። የእጮኛዪቱም ክንድ ተሰበረ። በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠና አህያዋ ተከፈለች፤ ከሦስት አንዱን እጅ እኔ አወጣሁ። የጋሪው ልጅ አባት ገንዘቡን ሲቀበል ምንም አልተናገረም። እንዲያው «ሰኞ ውሃውን በምን እናምጣው?» ብቻ ነው ያለው። የእነዚያም ሠርግ ሦስት ወር ተገፋ። እሷ እስከ ዛሬ ስታገኘኝ «ከዚያ በስተግራ!» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ ግን ቀልዱ አይጥመኝም።

እንግዲህ መንገዱ ይኸውላችሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዳማ የክፍያ መንገድ ከሄዳችሁ ጨዋታ ይዟችሁ አዳማ እንዳትገቡ፤ ሞጆ ላይ የሐዋሳን አቅጣጫ ያዙ። በድሮው መንገድ ከሆነ ደግሞ አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን አልፋችሁ ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ነው። ከሞጆም እስከ ዝዋይ (ባቱ ማለት ነው) የክፍያ መንገድ አለ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመንገድ ዳር መግዛት የሚወድ ግን በቆቃና በመቂ በድሮው በኩል ቢያዘግም አይቆጨውም።

ባቱ ላይ ነዳጅ ሙሉ። ልብ በሉ፣ ጨዋታው የሚለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። በክፍያው መንገድ ጋሪም ከብትም ሳታዩ እግራችሁ ነዳጅ መርገጥ ለምዷል። ከባቱ ወዲያ ግን አስፋልቱ የሁሉም ነው፤ የከብቱም፣ የጋሪውም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃንም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ደግሞ ሁሉም ወደ ቤቱ ይጎርፋል። በእኛ አገር ጀምበር አዘቅዝቃ ስታበቃ ጨለማው አይዘገይም።

አዳሚ ቱሉን አልፋችሁ ቡልቡላ ትደርሳላችሁ። እዚያ የምትሻገሩት ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ አብያታ የሚገባው ነው። ድልድዩን ካለፋችሁ ወዲያ ዓይናችሁ ወደ ግራ ይሁን፤ ላንጋኖ በዚያ በኩል ነው። በስተቀኝ ያለው የአብያታ ሻላ ፓርክ ነው። ሰጎን ልታዩ ከፈለጋችሁ ለመልሱ አቆዩት።

አሁን ዋናው ነገር። ድንኳናችሁ ምዕራብ ነው ወይስ ምሥራቅ? ምዕራቡ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። ምሥራቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የምዕራቡን መታጠፊያዎች ትታችሁ ወደ አርሲ ነጌሌ ትቀጥሉና ወደ ግራ በአፈር መንገድ ብዙ ትጓዛላችሁ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ትንሽ መኪና ይይዛል። ስለዚህ ጋባዣችሁን ዳርቻውን በስሙ አስጽፉት። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን የዕለቱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ።

ውሃው ቡናማ ነው ብላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው እየተባለ ሰው ለዋና የሚመርጠው እሱኑ ነው።

ባለፈው እንደገና ስንጠራራ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አልተነጠቅኩም። እንዲህ ይላል፦ «ምሥራቁ ዳርቻ! ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ ተነሱ። መታጠፊያው ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው እስከ 11 ሰዓት ይጠብቃችኋል። 11 ሰዓት ባቱ ላይ ከያዛችሁ ግን አትምጡ። ዓሣ ብሉ፣ አልጋ ያዙ፣ ጠዋት ተነሱ። ኬኩን ሳንቆርስ እንጠብቃለን።»